«ሁላችንም ጥፋተኞች ነን» ሲባል የሚያመልጠው ማነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው፦

«ከጓደኛዬ ጋር በተገናኘን ቁጥር የምንጨቃጨቅበት ነገር አለ። እሱ መንግሥት ክፉ ሲሠራ ዝም ያለ ዜጋ ሁሉ ጥፋተኛ ነው ባይ ነው። ወሬው ወደ ድህነትና ሥራ አጥነት ሲዞር ደግሞ ‹እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ሕይወት ኃላፊው ራሱ ነው፤ ማኅበረሰቡን አትውቀስ› ይለኛል። ሁለቱም አይዋጡልኝም፤ ግን መልስ ያጥረኛል። በፖለቲካ ውስጥ የግል ኃላፊነት የት ያበቃል? የጋራውስ ከየት ይጀምራል?»

ቀጥታ ወደ መልሱ ልግባ። ጓደኛዎ ነገሩን ገልብጦ ነው የያዘው። ጥፋት በስም ተለይቶ የሚሰጥ ነገር ሆኖ ሳለ እሱ ለሁሉም አከፋፈለው። ሸክም ደግሞ ተከፋፍሎ የሚነሣ ሆኖ ሳለ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ጫነው። ለነገሩ ይህ የእሱ ብቻ ችግር አይደለም። የግራም የቀኝም ፖለቲከኛ ሲመቸው እንዲሁ ያደርጋል።

የጥያቄዎም አቀራረብ ትንሽ ያሳስታል፤ አይቀየሙኝ። «የት ያበቃል፣ ከየት ይጀምራል» ሲሉ ኃላፊነትን ድንበር እንደሚበጅለት መሬት ነው ያዩት። የአንዱ ሲሰፋ የሌላው የሚጠብ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። ያሉት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው «ይህን ያደረገው ማነው?» ይላል፤ ወደ ኋላ ያያል። ሁለተኛው «ይህን የሚያስተካክለው ማነው?» ይላል፤ ወደ ፊት ያያል። የሁለቱም መልስ አንድ ሰው የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን አይደለም።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ስለ ጥፋትና ስለ ብዙ ሰው ከተነሣ ከኑረምበርግ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ከኖቬምበር 1945 እስከ ኦክቶበር 1946 የናዚ ጀርመን ሹማምንት የተዳኙበት ችሎት ነው። ከተከሳሾቹ መከራከሪያዎች አንዱ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው እንጂ የእኔ አይደለም» የሚል ነበር። ዳኞቹ አልተቀበሉትም። ወንጀል የሚሠሩት ሰዎች ናቸው እንጂ ረቂቅ አካላት አይደሉም አሉ። «ታዝዤ ነው» ማለትም ቅጣት ያቀል ይሆናል እንጂ ነጻ አያወጣም ተባለ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል።

ብዙም የማይወራለት ሌላኛው ወገኑ ነው። ዐቃቤ ሕጎቹ ግለሰቦችን ብቻ አልከሰሱም። ድርጅቶችም እንዳሉ ወንጀለኛ እንዲባሉ ጠይቀው ነበር። ችሎቱ የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ድርጅት የነበረውን ኤስኤስንና ምስጢራዊ ፖሊሱን ጌስታፖን ጨምሮ አንዳንዶቹን ወንጀለኛ አላቸው። ግን ገደብ አበጀለት። ድርጅቱ የሚሠራውን ሳያውቅ አባል የሆነውን፣ መንግሥት በግድ ያስገባውንና በወንጀሉም እጁ የሌለበትን ሰው ከዚያ አወጣ። የወንጀል ጥፋት የግል ነው፤ የጅምላ ቅጣት መወገድ አለበት የሚል ሐሳብም በፍርዱ ውስጥ አሰፈረ። ይህ የተባለው እንግዲህ የዓለም ቁጣ ገና ትኩስ በነበረበት ሰዓት ነው። ፍርድ ካገኙት 22 ተከሳሾች 12ቱ ሞት፣ 7ቱ እስራት ተፈረደባቸው፤ 3ቱ በነጻ ተለቀቁ። በሦስቱ መለቀቅ የተናደደ ሞልቶ ነበር። ለእኔ ግን የፍርዱን ዋጋ ያቆየው እሱ ነው። ማንም ነጻ የማይወጣበት ችሎት ጥፋተኛ ያለውንም ሰው መመዘኑን እጠራጠራለሁ።

በእነዚያው ወራት ካርል ያስፐርስ በጀርመኗ ሃይደልበርግ ከተማ ስለዚሁ ጉዳይ ያስተምር ነበር። ባለቤቱ አይሁዳዊት በመሆኗ ናዚዎች በ1937 ከማስተማር ያገዱት ፈላስፋ ነው። ጥፋትን በአራት ከፈለው። የወንጀል ጥፋት አለ፤ የሚዳኘው ፍርድ ቤት ነው። የሞራል ጥፋት አለ፤ ዳኛው የገዛ ሕሊናና የቅርብ ወዳጅ ነው። የፖለቲካ ጥፋት አለ፤ በመንግሥቱ ስም ለተሠራው ሥራ ዜጋው የሚከፍለው ዕዳ ነው። አራተኛውን፣ «ሌላው ሲሞት እኔ ለምን ተረፍኩ?» የሚለውን ጥልቅ ነገር፣ ለዛሬ ልለፈው። ፖለቲካ የሚሸከመው አይመስለኝም።

ጓደኛዎ «ዝም ያለ ሁሉ ጥፋተኛ ነው» ሲል እነዚህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከተታቸው። ዝምታ የሞራል ጥፋት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ልክ ነው። ግን ሦስት ነገር ሳይጠየቅ አይታወቅም። ሰውየው ምን ያውቅ ነበር? ምን ማድረግ ይችል ነበር? ቢናገርስ ምን ይደርስበት ነበር? ማኅተም በእጁ የያዘ ሹም ዝምታና ነገሩን በወሬ የሰማ ሰው ዝምታ አንድ አይደለም። ሁለቱን እኩል ያደረገ ሰው ማኅተም ለያዘው ትልቅ ውለታ ነው የዋለለት።

ይህን በደንብ ያየችው የያስፐርስ ተማሪ የነበረችው የፖለቲካ አሳቢ ሐና አረንት ናት። ሁሉም ጥፋተኛ ከሆነ ማንም ጥፋተኛ አይደለም አለች። ከጦርነቱ በኋላ «ሁላችንም ጥፋተኞች ነን» የሚለው ጩኸት በመጀመሪያ ሲሰማ ጨዋ ሰው የሚናገረው ይመስል ነበር። ፍሬው ግን ሌላ ሆነ። በእርግጥ ያጠፉት ሰዎች በዚያ የጋራ ለቅሶ ውስጥ ተሸሸጉ። አረንት ግን «እንግዲያው ለማንም ምንም አይመለከተውም» አላለችም። ጥፋተኛ ሳይሆኑ ኃላፊ መሆን አለ ነው ያለችው። የአንድ የፖለቲካ ማኅበረሰብ አባል በመሆኔ ብቻ፣ እኔ ባልሠራሁት ሥራ ልጠየቅ እችላለሁ።

ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ሰው እናየዋለን። ቪሊ ብራንት ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ወደ ኖርዌይ ሸሸ፤ ዜግነቱን ነጠቁት። ከእሱ የበለጠ «እኔ የለሁበትም» ማለት የሚችል ጀርመናዊ ብዙ አልነበረም። ዲሴምበር 7 ቀን 1970 ግን የምዕራብ ጀርመን መሪ ሆኖ ፖላንድ ውስጥ፣ ናዚዎች አይሁዶችን አጉረው በያዙበት በዋርሶ ጌቶ መታሰቢያ ፊት ተንበረከከ። ያኔ ዴር ሽፒገል መጽሔት ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት 48 በመቶው አበዛው ሲሉ፣ ተገቢ ነው ያሉት 41 በመቶ ነበሩ። ብራንት የተንበረከከው ጥፋተኛ ሆኖ አይደለም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው እሱ ስለነበረ ነው።

ገንዘቡም እንደዚያው ነው። ምዕራብ ጀርመን በ1952 ለእስራኤል 3 ቢሊዮን ማርክ ካሳ ለመክፈል ፈረመች። የወጣው ከግብር ነው። ናዚዎችን ሲታገል የታሰረ ሰው ግብርም፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ሕፃን የነበረ ሰው ግብርም እዚያ ውስጥ አለ። ግፍ ነው? አይመስለኝም። መንግሥትን የወረሰ መንገዱንና ግምጃ ቤቱን ብቻ አይወርስም፤ ዕዳውንም ይወርሳል። ማንም ግን ያን ሕፃን ነፍሰ ገዳይ አላለውም። እነዚህን ሁለቱን አለመቀላቀል ነው ቁም ነገሩ።

ወደ ዘመናችን መሥሪያ ቤት ስንመጣ ማምለጫው ሌላ መልክ አለው። አሁን «ሕዝቡ ነው» አይባልም፤ «አሠራሩ ነው» ይባላል። አንዱ አጠናው፣ አንዱ ረቂቁን ጻፈው፣ አንዱ አስተያየት ሰጠበት፣ አንዱ ፈረመ፣ አንዱ አስፈጸመ። ጉዳቱ ሲመጣ እያንዳንዱ «የእኔ ድርሻ ትንሽ ናት» ይላል፤ እውነቱንም ነው። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ዴኒስ ቶምፕሰን በ1980 ይህን የብዙ እጆች ችግር ብሎ ጠርቶታል። መውጫው እንደ ኑረምበርግ ነው፤ እጅ በእጅ መለየት። ማን ምን ያውቅ ነበር? ማን ማስቆም ይችል ነበር? ከዚያ ላይ ደግሞ የሥልጣን ኃላፊነት ይጨመራል። አርጀንቲና በኤፕሪል 1982 በብሪታንያ ሥር ያሉትን የፎክላንድ ደሴቶች ስትወር የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሎርድ ካሪንግተን በቀናት ውስጥ ለቀቁ። ወረራውን ያዘዙት እሳቸው አይደሉም። መሥሪያ ቤታቸው ግን አስቀድሞ ማየት የነበረበትን ሳያይ ቀርቷል። ወንበሩ የእኔ ነው ብለው ሄዱ። ዛሬ ዛሬ እንዲህ ያለውን ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

አሁን ወደ ጓደኛዎ ሁለተኛ አባባል እንለፍ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ሰው ሕይወቱን ይመራል። ይመርጣል፣ ይሳሳታል፣ ይማራል። ድሀን ሁሉ እንደ ዕቃ፣ የደረሰበት ነገር ውጤት ብቻ አድርጎ ማየት ራሱ ንቀት ነው። እዚህ ድረስ አብረን ነን። ችግሩ የሚመጣው «ጥፋቱ የራሱ ነው» የሚለው ሐሳብ የእርዳታ መስፈርት ሲሆን ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፋብሪካዎች የሆነውን ይመልከቱ። ማሽን እጁን የቆረጠው ሠራተኛ ካሳ የሚያገኘው ጥፋቱ የአሠሪው ወገን መሆኑን ካስረዳ ብቻ ነበር። አሠሪው ጠበቃ አለው። ሠራተኛው አንድ እጅ ነው የቀረው። «ተጠንቅቀህ ቢሆን ኖሮ» ይባላል፤ ጉዳዩ ያልቃል። የሚገርመው ግን አደጋው በየዓመቱ የሚደርሰው በተቀራራቢ ቁጥር መሆኑ ነው። ሰዎቹ ይቀያየራሉ፤ ቁጥሩ ብዙም አይለወጥም። እንዲህ ከሆነ ነገሩ የአንድ ሰው አለመጠንቀቅ ብቻ ሊሆን አይችልም። ጀርመን በ1884 ባወጣችው የሥራ ላይ አደጋ መድን ሕግ ጥያቄውን ቀየረችው። «ማን አጠፋ?» መባሉ ቀረ። አደጋው በሥራ ላይ ከደረሰ አሠሪዎች በጋራ ከሚያዋጡት ይከፈላል። ይህን ሕግ ያመጣው የጀርመኑ ቻንስለር ቢስማርክ ሶሻሊስት አልነበረም፤ እንዲያውም በ1878 ሶሻሊስቶችን ያገደ ሰው ነው። አብዮት እንዳይመጣበት ሰግቶ ነው ያደረገው። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ለጥያቄዎ የሚጠቅም ነገር አለው። ጥፋተኛ ሳይፈለግ ሸክም መካፈል ይቻላል። በዚህም ሠራተኛው መጠንቀቁን አልተወም፤ እጁን የሚወድ ሰው መድን ስላለ ብሎ ማሽን ውስጥ አይከተውም።

«እናግዝ፤ ግን ጥፋቱ የራሱ ያልሆነውን ብቻ» የሚሉም አሉ። ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። ኤልሳቤጥ አንደርሰን የተባለች አሜሪካዊት ፈላስፋ በ1999 ይህን ሐሳብ አፈራርሳዋለች። በሥራ ላይ ለማዋል ቢፈለግ መንግሥት የእያንዳንዱን ሰው ሕይወት መበርበር አለበት። ለምን ሥራህን ተውክ? ለምን አገባሃት? ለምን በዚያ መንገድ ነዳህ? በራሱ ስህተት ተጋጭቶ መንገድ ዳር የወደቀ ሹፌርም «ጥፋቱ የራሱ ነው» ተብሎ ደሙ እየፈሰሰ ሊተው ነው። እርዳታ የሚያገኘውም ሰው ቢሆን አስቀድሞ «እኔ የማልረባ ነኝ» ብሎ ማስመስከር ይጠበቅበታል። ይህ የዜጎች ግንኙነት ሳይሆን የምጽዋት ነው።

የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ታቸር በ1987 «ማኅበረሰብ የሚባል ነገር የለም» ማለታቸው ሁሌ ይጠቀሳል። በዚያው ቃለ መጠይቅ ራሳችንን ከቻልን በኋላ ጎረቤታችንን መርዳትም ግዴታችን ነው ማለታቸው ግን ተረስቷል፤ ለእሳቸውም ፍትሕ ላድርግ ብዬ ነው። እኔ የማልስማማው ከሌላ ነገር ጋር ነው። ጎረቤት ሥራ ሲያጣ መርዳት ይቻላል። መላው ኢንዱስትሪ ሲዘጋ ግን ጎረቤቱም አብሮ ሥራ ያጣል።

«የግል ኃላፊነት» የሚለው መፈክር ማንን እንደሚጠቅምም መጠየቅ አይከፋም። በ1953 አሜሪካ ውስጥ ቬርሞንት የተባለው ግዛት ተመላሽ ባልሆነ ጠርሙስ ቢራ መሸጥን ከለከለ። በዚያው ዓመት የመጠጥና የማሸጊያ ኩባንያዎች ተሰባስበው ኪፕ አሜሪካ ቢውቲፉል የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። መልእክቱ «ቆሻሻ አትጣል» ነው። ማን ይቃወመዋል? በ1971 ያሠራው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ በተጣለ ቆሻሻ የሚያለቅስ የአሜሪካ ቀደምት ተወላጅ ያሳያል። ተዋናዩ በትውልዱ ጣልያናዊ ነበር፤ ይህ እንኳ ለጨዋታ ያህል ነው። በማያ ገጹ ላይ የሚወቀሰው ጣዩ ነው። የሚጣለውን ጠርሙስ በሚሊዮን የሚያመርተው አይታይም። ጠርሙስ ለሚመልስ ሰው ገንዘብ የሚያስከፍሉ ሕጎች ሲመጡ ደግሞ ኩባንያዎቹ ይታገሏቸው ነበር። እዚህ ላይ የግል ኃላፊነት ሥራው ሰውን ማነጽ ሳይሆን ዐይን ማዞር ሆነ።

በተቃራኒው የስዊድንን መንገድ ይውሰዱ። የአገሪቱ ፓርላማ በ1997 በመንገድ ላይ ማንም መሞት የለበትም የሚል ፖሊሲ አጸደቀ። ሹፌሩ ሕግ የማክበር ግዴታው አልቀረለትም። ግን ሰው መሳሳቱ እንደማይቀር ታስቦ ስህተቱ እንዳይገድለው መንገዱን የሚሠራውና መኪናውን የሚያመርተውም ይጠየቃሉ። ፊት ለፊት እንዳይጋጩ መሐል ላይ አጥር ተዘረጋ፤ መስቀለኛው ወደ አደባባይ ተቀየረ። በ1997 ከ500 በላይ የነበረው የዓመቱ ሟች በ2020 ወደ 200 ገደማ ወረደ። ሰክሮ የነዳው ግን አሁንም ይከሰሳል። ያንን አይተውም፣ ይህንንም አይተውም።

ያልተመለሰች አንዲት ነገር አለች። የጋራ ኃላፊነት ሲባል ድርሻዬ ስንት ነው? «ሁላችንም» ሲባል ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ሌላውን ያያል። አይሪስ ማሪዮን ያንግ የተባለችው የፖለቲካ ፈላስፋ ዕድሜዋን ከሰጠችባቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነበር። ሳንዲ የምትባል ሴት በምሳሌነት ታነሣለች። ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች፣ ሥራ አላት፣ የቤት ኪራይ ግን አቅቷት ጎዳና ልትወጣ ነው። አከራዩ ሕግ አልጣሰም። አሠሪዋ ደመወዟን አላስቀረም። እሷም ሰነፍ አይደለችም። የሚከሰስ ሰው የለም፤ በደሉ ግን አለ። ያንግ እንዲህ ላለው ጊዜ ወንጀለኛ ፍለጋውን ትተን ሌላ እንጠይቅ ትላለች። ነገሩን ለመለወጥ ኃይል ያለው ማነው? ባለበት በመቆየቱ የሚጠቀመውስ? እንዲለወጥ ጥቅሙ የሚያስገድደውስ? አንድ ላይ የመንቀሳቀስ አቅም ያለው፣ ማኅበር ወይም ድርጅት ያለው ማነው? በዚህ መለኪያ የአንድ ትልቅ ባንክ ሥራ አስኪያጅና የአንድ ጡረተኛ ድርሻ እኩል አይመጣም፤ የማንም ድርሻ ግን ባዶ አይሆንም። ሳንዲ ራሷም ድርሻ አላት። ለውጡን ከማንም በላይ የምትፈልገው እሷ ናትና።

ኃይል የሌለውስ ተራ ሰው ምን ያመጣል ቢሉኝ በ1974 የሆነውን እነግርዎታለሁ። ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ኬሚስቶች በየቤቱ የሚረጩ ጣሳዎች ውስጥ ያለው ጋዝ የኦዞንን ንብርብር እንደሚጎዳ አሳተሙ። ብዙ አሜሪካውያን ሕግ ሳይወጣ ጣሳውን መግዛት ተዉ። አንድ ትልቅ አምራች በ1975 ጋዙን እንደሚተው በራሱ አስታወቀ። በ1978 አሜሪካ ጋዙን በአብዛኞቹ የሚረጩ ምርቶች ውስጥ ከለከለች። በ1987 ኦዞንን ለመጠበቅ የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት አባላት ሁሉ አጽድቀውታል። ሸማቹ ጣሳ ባለመግዛቱ ብቻ ኦዞን አይድንም ነበር፤ ጋዙ በማቀዝቀዣውም በፋብሪካውም ነበረና። ሕግ አውጪው ግን ሰዉ ለዚህ ጉዳይ ዋጋ እንደሚከፍል አየ። ለጓደኛዎ ክርክር እንዲመችዎ ይህን ይያዙለት፤ ያ ሸማች ጥፋተኛ ስለተባለ አልነበረም ጣሳውን የተወው።